የአዳራሹ የመጨረሻ ክፍል

ፎርማኑ መፈንቀያውን በኮምፔንሳቶው ግድግዳና በማእዘኑ ቋሚ መሃል ሰክቶ ገና አንዴ ጫን እንዳለው፣ ከግድግዳው ማዶ "ማነው?" የሚል ድምፅ መጣ።

እጁ ባለበት ቀረ። የሚወርደውን እንጨት ለመቀበል ከኋላው የቆሙት ሁለት ሠራተኞች እርስ በርሳቸው ተያዩ።

"ሰው የለበትም አልተባልንም እንዴ?" አለ አንደኛው።

"ማነው ብያለሁ!" አለ ድምፁ እንደገና። የአሮጊት ድምፅ ነው፤ ግን የሚያዝ እንጂ የሚለማመጥ አይደለም። "ሌባ ከሆንክ የሚወሰድ የለም፤ ሠራተኛ ከሆንክ ደግሞ በር ይንኳኳል!"

ፎርማኑ መፈንቀያውን ቀስ ብሎ ነቀለና በጣቱ ግድግዳውን ኳ ኳ አደረገ።

"ይቅርታ እማማ፣ ሰው ያለ አልመሰለንም።"

"አሁንስ መሰለህ?"

"አዎ እማማ።"

"እንግዲያው ሂድ።"

እታለም ከሌሊት ተረኝነቷ ስትመለስ የደረሰችው ይሄኔ ነው። ቦርሳዋ ከትከሻዋ ሳይወርድ አዳራሹ በር ላይ ቆማ ድምፁን ሰማች። ያ ድምፅ እዚህ መሆን አልነበረበትም። ትናንት አመሻሽ ላይ የድምፁን ባለቤት፣ የአባቷን እህት እቴቴን፣ መድኃኒቷን በትንሽ ቦርሳ አስይዛ፣ ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ በእታለም ወንድም መኪና የኋላ ወንበር ላይ ያስቀመጠቻት እሷው ራሷ ነበረች። መኪናው ሲወጣ እጇን አውለብልባ፣ በሩ ሲዘጋ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ በረጅሙ ተንፍሳ ነበር።

"መቼ መጣች?" ብላ ጥበቃውን ጠየቀችው።

"ሊነጋጋ ሲል በታክሲ መጡ።" ጥበቃው ጥፋቱ በእሱ እንዳይላከክ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። "በሩን ክፈት አሉኝ፣ ከፈትኩ። ምን ልበል? የቤቱ ባለቤት ናቸው።"

እታለም ስልኳን አውጥታ ወንድሟ ጋ ደወለች።

"እቴቴስ?"

"ተኝታለች፤" አለ ወንድሟ፣ አፉ ውስጥ የሚታኘክ ነገር አለ። "ቁርስ ቀርቦ እስክትነሳ እየጠበቅናት ነው። እንዳትረበሽ ብለን ነው እንጂ..."

"ሂድና በሩን ክፈተው።"

የእግሩ ኮቴ፣ የበር ድምፅ፣ ከዚያ ዝምታ ተከታትለው በስልኩ ውስጥ ተሰሙ። ዝምታው ሲረዝም እታለም ስልኩን ዘጋችው።

እታለም ስሟ አይደለም። ታናሽ ወንድሟ አፉን ሲፈታ የጠራት ነው፤ ከእሱ ተከራዮቹ ወሰዱት፣ ከተከራዮቹ ሰፈሩ፣ ከሰፈሩ ሆስፒታሉ ወሰደው። ዛሬ የውስጥ ደዌ ክፍል ታማሚዎች ሳይቀሩ፣ ሐኪሙ "ሲስተር" ሲላት እነሱ "እታለም" ይሏታል። የሁሉ ታላቅ እህት መሆን የሚያደክም መሆኑን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ቤቱን ሰፈርተኛው "ትልቁ ቤት" ይለዋል። ያሠራው የጨርቅ ነጋዴ የነበረው ቅድመ አያቷ ነው። ሁለት ፎቅ፣ ዙሪያውን በረንዳ፣ በመሃል እየተጠማዘዘ የሚወጣ የእንጨት ደረጃ፣ ምድር ቤቱ ላይ ደግሞ ሠርግ ቢደገስበት ሌላ ሠርግ ደርቦ የሚይዝ አዳራሽ። ጠበቃ የሆነው ወንድሟ ለእንግዳ ሲያወራ የሚወደው እስከዚህ ድረስ ያለውን ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ቶሎ ይዘለዋል። ከዚያ ወዲያ አያትየው ቤቱን ወረሰ እንጂ ንግዱን አልወረሰም። መርከብ ከነጭነቱ ሰጠመ የሚሉ አሉ፤ ቁማር ነው የሚሉም አሉ። ብቻ አንድ ቀን አናጢ ጠርቶ ያንን አዳራሽ በኮምፔንሳቶ አራት ቦታ ከፈለው። ሦስቱን አከራየ። አራተኛውን፣ የማእዘኑን፣ ላላገባች ሴት ልጁ ሰጣት፤ "ተከራይ ያለ ጠባቂ አይሆንም" ብሎ። በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት የነበረችው ያቺ ልጅ እቴቴ ናት።

የእታለም እናት ስትሞት ወንድሟ ጫማውን ማሰር እንኳ አይችልም ነበር። አባታቸው ሐዘኑን በመጠጥ ሊያጥብ ሞክሮ ብዙም ሳይቆይ ተከተላት። ሁለቱ ልጆች ልብሳቸውን በአንድ አንሶላ ጠቅልለው ከላይኛው ፎቅ ወረዱና እቴቴ ክፍል ገቡ፤ ሦስቱም በአንድ አልጋ። የእታለምን የነርስነት ትምህርት፣ የወንድሟን የሕግ ትምህርት የከፈሉት እነዚያ የኮምፔንሳቶ ክፍሎች ናቸው።

ተከራዮቹ አንዳንዶቹ ሞቱ፣ አንዳንዶቹ ሄዱ። ወንድሟ አገባና ከከተማው ዳር ቤት ሠራ። እታለም ቀረች። ልጅ የሚያሳጣ ትዳር ሳይሆን ትዳር የሚያሳጣ ቤት ነበራት፤ ጣራው ሲያፈስ ባልዲ መደቀን፣ ምስጥ የበላውን ደረጃ ማስደገፍ፣ የወለቀውን መስኮት በሽቦ ማሰር። ሰው "አንቺ እኮ ትልቅ ቤት አለሽ" ሲላት "አዎ፣ እንኳን ዘንቦብኝ እንዲያውም ጤዛ ነኝ" እያለች ትስቅ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ታዲያ የከተማው የቅርስ ማኅበር ትልቁን ቤት ለእድሳት መረጠው። ማኅበሩ ያድሳል፤ ቤተሰቡ ላይኛው ፎቅ ይኖራል፤ አዳራሹ እንደ ጥንቱ ሆኖ ለጎብኚ ይከፈታል። ሁሉም ፈረመ። እቴቴም ፈረመች፤ "ጣራ ይሠራል" ብቻ ነበር የተነገራት። ሦስቱ የተከራይ ክፍሎች ባለፈው ሳምንት ፈረሱ። የጣራው ግማሽ ቆርቆሮ ተነሥቶ በሸራ ተሸፍኗል፤ ሰማዩ ደግሞ ከሰሞኑ ፊቱን ማጥቆር ጀምሯል። ዛሬ ከሰዓት የማኅበሩ ሰዎች አዳራሹን ሊያዩ ይመጣሉ። አዳራሹ ከተከፈተ ለጣራው ይፈቅዳሉ፤ ካልተከፈተ ነገሩ ለሚቀጥለው በጋ ያድራል። ሸራው ደግሞ እስከዚያ የሚያደርስ ሸራ አይደለም።

መሐንዲሷ ስትደርስ ፎርማኑና ሠራተኞቹ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ዳቦ በሻይ እየበሉ ነበር። ወጣት ናት፤ ጭቃ የያዘ ቡትስ ጫማ፣ ክንዷ ሥር የተጠቀለለ ፕላን። ቁጣ አታውቅም፤ ያም ነው አንዳንዴ እታለምን የሚያስቸግራት። ለሚቆጣ ሰው መልስ አላት።

መሐንዲሷ ወደ ክፍሉ በር ተጠግታ፣ "እማማ፣ እንደምን አደሩ?" አለች።

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ ልጄ?"

"ደህና ነኝ። እማማ፣ አንድ ነገር ላስረዳዎት። እኛ አዳራሹን ቅድመ አያትዎ... ይቅርታ፣ አያትዎ እንደሠሩት አድርገን ነው የምንመልሰው። ይህ ክፍል ደግሞ በመጀመሪያው ፕላን ላይ የለም።"

"እኔም በመጀመሪያው ፕላን ላይ የለሁም ልጄ።"

በረንዳ ላይ ያለ አንድ ሠራተኛ ሻዩ ትን አለው። መሐንዲሷ ፈገግ ብላ ወደ እታለም ዞረች። "ምን ብዬ ልመልስላቸው?"

"እኔም እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤" አለች እታለም።

ወንድሟ ክራቫቱን እንዳሰረ፣ መኪናውን በሩ ላይ አግድም አቁሞ ገባ። በአዳራሹ ወለል ላይ ሲራመድ ድምፁ ያስተጋባል። አዳራሹ ማእዘኑ ላይ እንደ ሣጥን ከተቀመጠችው ከእቴቴ ክፍል በቀር ባዶ ነው፤ የተከራዮቹ ግድግዳዎች የነበሩበት ቦታ ጣውላው ላይ ነጣ ነጣ ብሎ ይታያል።

"እቴቴ! ምን ማለት ነው ይሄ? ሰው ተኝቷል ብለን በእግራችን ጥፍር ስንሄድ አንቺ በሌሊት ታክሲ?"

"ነግቶ ነበር።"

"ብትወድቂስ? መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆኚስ?"

"ያንተን ደረጃ ወርጄ ካልወደቅሁ ከእንግዲህ አልወድቅም።"

ወንድሟ ክራቫቱን ላላ አደረገ። ፍርድ ቤት የሚያደርገው እንደዚህ እንደሆነ እታለም ሰምታለች። "እሺ። እንነጋገር። አንደኛ፣ ፈርመሻል። ሁለተኛ፣ ይሄ የሁላችንም ታሪክ ነው። የዘር ሐረጋችን ስም ነው። ሦስተኛ..."

"አንተ ልጅ፣" አለች እቴቴ፣ "ይሄን ለዳኛው ንገረው። እኔ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ መሆንህን ድሮም አውቀዋለሁ።"

ሠራተኞቹ ፊታቸውን ወደ ግቢው አዞሩ። ፎርማኑ የሌለ ምስማር ከመሬት መልቀም ጀመረ። ወንድሟ፣ እታለም ገና ከመኪናው ሲወርድ የጠበቀችውን ተናገረ፤

"እታለም፣ አንቺ አነጋግሪያት። አንቺ ታውቂያታለሽ።"

መሐንዲሷም ሰዓቷን አይታ፣ "እኔም እርስዎ ቢያነጋግሯቸው ይሻላል ባይ ነኝ" አለች። ፎርማኑም "እውነት ነው እትዬ" አለ። ሁሉም እሷን አዩ። ሌሊቱን ሁለት ሰው ሲያጣጥር ሲያይ ያደረው ዓይኗ ይቃጠላል፤ እግሯ ጫማዋ ውስጥ አብጧል። እታለም ታውቃለች። እታለም ትጠየቅ። እታለም ትሂድ። ሄደች።

"እኔ ነኝ።"

"ብቻሽን?"

"ብቻዬን።"

ቁልፉ ዞረ።

ክፍሉ እንደነበረ ነው። ትናንት ለመፍረሱ ሲባል ባዶ መሆን ነበረበት፤ እቴቴ ግን "እኔ ስመለስ እራሴ አነሣዋለሁ" ብላ አንዲት ወንበር አላስነካችም፤ እታለምም ለመከራከር አቅም አጥታ "ሠራተኞቹ ያወጡታል" ብላ ትታዋለች። አልጋው፣ ቁምሣጥኑ፣ የታጠበ ብርጭቆ ማስቀመጫ። የአዳራሹ ትልቅ መስኮት ሁለት ተካፋች ነው፤ አያትየው ግድግዳውን ሲያቆም ምሶሶው ልክ መስኮቱ መሃል ላይ ስላረፈ ለእቴቴ የደረሳት ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ የጎረቤት ተከራይ ነበር። እሷ ቀኙን ትከፍታለች፣ ጎረቤቷ ግራውን።

እቴቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሹራቧ አንድ ቁልፍ ተዛንፎ ተቆልፏል። እታለም ጎኗ ተቀመጠች። ከመቀመጧ ሰውነቷ ለመተኛት ያዘነብል ጀመር።

"ምን አድርገውሽ ነው?" አለች።

"ምን ያደርጉኛል? ይወዱኛል። እረፊ ይሉኛል። ቀና ስል እረፊ፣ ውሃ ልቅዳ ስል እረፊ።"

"ታዲያ?"

እቴቴ ወደ መስኮቱ ዞረች። "ሌሊት ተነሣሁ። መጸዳጃ ቤቱ የቱ ጋ እንደሆነ ጠፋኝ። ሁሉም በር አንድ ዓይነት ነው እነሱ ቤት። ዳበስኩ ዳበስኩ... አልደረስኩም።" ጉልበቷ ላይ ያለውን ቀሚሷን አስተካከለች። "ሚስቱ ክፉ አይደለችም። መብራት አበራች፣ አጠበችኝ፣ 'ምንም አይደለም እማዬ' አለችኝ። ከዚያ ላስቲክ አመጣችና ፍራሹ ላይ አነጠፈች። ልጆቹ በሩ ላይ ቆመው እያዩ። ስተኛበት ይንኮሻኮሻል። ዞር ባልኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። እስኪነጋ ሳልዞር ተኛሁና ተነሥቼ መጣሁ።"

እታለም ስንት ሰው በላስቲክ ላይ እንዳስተኛች አታውቀውም። አንድም ቀን ድምፁን ሰምታው አታውቅም ነበር።

"እዚህ ግን አውቀዋለሁ፤" አለች እቴቴ። "ከአልጋዬ ተነሥቼ ግድግዳዬን ይዤ፣ በሩ፣ ኮሪደሩ፣ ሁለት መታጠፊያ። ዓይኔን ጨፍኜ። ግድግዳው ከፈረሰ ምን ልይዝ ነው?"

እታለም ለታማሚ ቤተሰብ የምትናገረው ለስላሳ ቃል ሁሉ ምላሷ ላይ መጣ፤ ለጤናሽ ነው፣ ለጥቂት ጊዜ ነው፣ ሁሉም ይስተካከላል። ድካሟ ግን ቃሉን ሁሉ እንደ ወንፊት አሳለፈውና የቀረው እውነቱ ብቻ ሆነ።

"እቴቴ፣ እሱ ጋ የላክሁሽ ለጤናሽ አይደለም።"

"እህ?"

"መተኛት ፈልጌ ነው። ከሥራ ስገባ 'እታለም መጣሽ?' የሚለኝ ሰው ሳይኖር ዝም ብዬ ገብቼ መተኛት። ሌሊት ተረኛ ስሆን ደግሞ፣ ወድቃ ይሆን፣ ተነሥታ ይሆን እያልኩ የሌላውን ሰው መርፌ እየወጋሁ አንቺን ሳስብ ማደር ደከመኝ። ደከመኝ እቴቴ። ጣራውም ደከመኝ፣ አንቺም ደከምሽኝ።"

ካለችው በኋላ ፈራች። እቴቴ ግን አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። ዞር ብላ፣ አዲስ ሰው እንደምታይ ሁሉ ከእግር እስከ ራስ አየቻት።

"ይሄን ትናንት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

"ምን ብዬ?"

"እንዳልሽው ነዋ! ሁሉም ለኔ ይላል። ለጤናሽ፣ ለክብርሽ፣ ለታሪክሽ። ለኔ ተብሎ ስንት ነገር ተደረገብኝ።" እጇን እታለም ጉልበት ላይ ጣል አደረገች። "እኔ እኮ የማይደክምሽ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ስትይ አልሰማሁማ። በልጅነትሽም ቢሆን ስትወድቂ ተነሥተሽ ዙሪያሽን ታያለሽ እንጂ አታለቅሺም።"

ከውጭ የወንድሟ ሳል ተሰማ።

"ግድግዳው ካልወረደ ምን ይሆናል?" አለች እቴቴ።

"ጣራው ዘንድሮ አይሠራም። ላይ ያለው ሁሉ ይበሰብሳል። ቀጥሎ ይሄ።"

እቴቴ ግድግዳዋን ዳበሰችው። በእጇ መዳሰስ ብዛት የከንፈር ያህል ለስልሷል። "እንግዲያው ይውረድ። ግን እያየሁት። ሰው ሌላ ቤት ወስደው አስተኝተው ቤቱን አያፈርሱበትም።"

ዕቃውን ራሳቸው አወጡት። ወንድሟ ኮቱን አውልቆ የአልጋውን ራስጌ ያዘ፣ ፎርማኑ ግርጌውን። አልጋው ባዶው አዳራሽ መሃል ሲቀመጥ አሻንጉሊት አከለ። ለእቴቴ ወንበር ቀረበላትና ፊቷን ወደ ክፍሏ አዙራ ተቀመጠች፤ ከዚያ ማዘዝ ጀመረች።

"ከላይ ጀምር! ከታች ከጀመርክ ይወድቅብሃል።"

"እሺ እማማ።"

"ያ ምስማር አይወጣም፤ እኔ ነኝ የመታሁት። ቁረጠው።"

ፎርማኑ ሞከረው። አልወጣም። ቆረጠው።

ኮምፔንሳቶው በትልልቁ እየተገነጠለ ወረደ። አቧራው ሲበተን መሐንዲሷ እየሮጠች መጥታ መስኮቱን ከፈተችው፤ ሁለቱንም ተካፋች አንድ ላይ። ብርሃኑ እስከ ተቃራኒው ግድግዳ ደረሰ። ወንድሟ "አቤት!" አለ። የሚያምር ነገር ነበር፣ ማንም ሊክደው አይችልም። እታለም ግን ያየችው እቴቴን ነው። እቴቴ ዓይኗን በእጇ ጋርዳ ብርሃኑን ሳይሆን ወለሉን፣ አልጋዋ የነበረበትን ቦታ ታያለች። ምን ያህል ትንሽ ነበር።

እስከ ከሰዓት ድረስ መሐንዲሷ ወጣ ገባ ስትል ቆይታ ከእታለም አጠገብ መጣች። "ማእድ ቤቱ ጎን ያለውን ዕቃ ቤት አየሁት፤" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ጎብኚ በዚያ በኩል አያልፍም። መጸዳጃ ቤቱም ጎኑ ነው። እርጥበቱ ከወጣለት ወር ባልሞላ ጊዜ ለእሳቸው ይሆናል። ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት እናደርግላቸዋለን።"

እታለም ልታመሰግናት አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ማዛጋት ነው። ሁለቱም ሳቁ።

የማኅበሩ ሰዎች ሦስት ሆነው መጡ። መሪያቸው ፀጉሯ የሸበተ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ወንድሟ ኮቱን መልሶ ለበሰና ታሪኩን ጀመረ፤ የጨርቁን ንግድ፣ ከሩቅ የመጣውን ጣውላ፣ አዳራሹ ውስጥ የተደረገውን ግብዣ። አሳምሮ ነው የሚያወራው። እታለም እንኳ ስንት ጊዜ ሰምታው ጆሮዋን ሰጠችው። "ከዚያ በኋላ" ሲል እንደ ልማዱ ዘለለና፣ "ዛሬ ደግሞ አዳራሹ ወደ ቀድሞ ክብሩ ተመልሷል" ብሎ እጁን ዘረጋ።

መሪዋ ሴት በተዘረጋው እጅ በኩል ስታይ ያየችው አልጋውን ነው። ከአልጋው ጎን ደግሞ ወንበር ላይ የተቀመጠችውን አሮጊት።

"እርስዎ እዚህ ነው የሚኖሩት?"

"እስከ ጠዋት ድረስ፤" አለች እቴቴ።

ወንድሟ ሊገባበት ሲል ሴትየዋ በትሕትና እጇን አንሥታ አቆመችው። ሌላ ወንበር ስላልነበረ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "እዚሁ ማእዘን?"

"እዚያ። መስኮቱ ግማሹ የኔ ነበር። ግማሹ የልብስ ሰፊው።"

"መስኮቱን ለሁለት?"

"ለሁለት። የእሱ በር በሌላ በኩል ስለሆነ ከሰውየው ጋር አንገናኝም ነበር። መስኮቱ ላይ ግን እሱም በእሱ በኩል አንገቱን ያወጣል፣ እኔም በኔ በኩል አወጣለሁ፣ እናወራለን። ክር ሲያልቅበት እንኳ ያማክረኛል።" እቴቴ የሹራቧን ቁልፍ ስትነካካ መዛነፉን አገኘችውና ፈትታ ታስተካክለው ጀመር። "አንድ ቀን እንጋባ አለኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ክፍሉ ለአራት አይበቃም አልኩት። ግድግዳውን እናፍርሰውና ሁለቱን ክፍል አንድ እናድርገው አለ። ግድግዳው የአባቴ ነው፣ ያንተ ክፍል ኪራይ ነው ልጆቹን የሚያስተምር፣ ባሌ ከሆንክ ማን ይከፍለኛል አልኩት።" ሳቀች። "እሱም ሳቀ። ትንሽ ሰነበተና ሌላ ከተማ ሄደ። ለክፍሉ ወዲያው ሌላ ሰው አገኘን።"

 እታለም ይህን ነገር በዕድሜዋ ሰምታው አታውቅም። ልብስ ሰፊውን ታስታውሰዋለች፤ ከትርፍራፊ ጨርቅ የትምህርት ቤት ቦርሳ ሰፍቶላታል፤ አንድ ቀን ክፍሉ ባዶ ሆኖ ስታየው የት ሄደ ብላ ስትጠይቅ እቴቴ "ሥራ አገኘ" ብላት ነበር። ወንድሟን አየችው። ክራቫቱን ይዞ መስኮቱን ያያል፤ ፊቱ ላይ የጠበቃ ነገር አልነበረም።

መሪዋ ሴት ከአልጋው ተነሥታ የእቴቴን እጅ ጨበጠች። ሲወጡ በረንዳው ላይ ከመሐንዲሷ ጋር ጥቂት ተነጋገሩ። መሐንዲሷ ተመልሳ "ጣራው ይቀጥላል" አለች። ሠራተኞቹ አጨበጨቡ፤ ፎርማኑ "ሸራውን ከነገ ወዲያ እንገላገለዋለን" አለ።

ቀኑ ማዘንበል ጀምሯል። ወንድሟ ደስታው ተመልሶለት ወዲያ ወዲህ አለ፣ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ፤ ከዚያ እቴቴን አየና ቁልፉን መልሶ ጨበጠው።

"እሺ... እንግዲህ እቴቴ፣ እንሂድ?"

እቴቴ የወንበሯን ጠርዝ ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

"እትዬ፣" አለ ፎርማኑ፣ "አልጋውን የት እናድርገው? ላይ እንዳናወጣው የደረጃው መደገፊያ ተነቅሏል።"

ሁሉም እታለምን አዩ። አንድ ሙሉ ዕድሜ እንደዚህ ሲያዩዋት ምን እንደምታደርግ ታውቃለች። ዛሬ ሌሊትም ተረኛ ናት፤ ሆስፒታል ደውላ አሞኛል ትላለች፣ ወለሉ ላይ ፍራሽ ዘርግታ እቴቴ ሥር ታድራለች፣ ነገ የቀረችበትን ተራ ትከፍላለች። መልሱ አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

"አልጋው እዚሁ ይሁን፤" አለች። "ወደ ግድግዳው አስጠጉት። በሩ በኩል።"

ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች።

"ዛሬ እዚህ ታድራለህ።"

"ማ? እኔ?"

"እኔ ተረኛ ነኝ። ለእሷ የሚሠራው ዕቃ ቤት እስኪደርስ፣ እኔ ተረኛ በሆንኩ ቁጥር አንተ እዚህ ታድራለህ።"

"እታለም፣ ነገ ጠዋት እኮ ችሎት አለብኝ።"

"ፍርድ ቤቱ ካንተ ቤት ይልቅ ለዚህ ይቀርባል።"

"ልብስ አልያዝኩም።"

"ሚስትህ ታመጣልሃለች።" ድምጿ አልጨመረም፤ እንዲያውም ወረደ። "ሌሊት ትነሣለች። እንዳትጎትታት፤ ክንድህን ስጣትና እሷ ትያዝህ። የኮሪደሩን መብራት አታጥፋ። ባትደርስ አንሶላ ቁምሣጥኑ ውስጥ አለ። ላስቲክ የሚባል ነገር ግን እዚህ ቤት እንዳላይ።"

ወንድሟ እቴቴን አየ። እቴቴ ጣራውን ታያለች። እሱም የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ጨመረ።

እታለም በግድግዳው በኩል ተጠግታ፣ መደገፊያ የሌለውን ደረጃ ቀስ እያለች ወጣች። መሃል ላይ ስትደርስ ፎርማኑ ከሥር ጠራት፤

"እትዬ! ሸራው በሰሜን በኩል ላላ ብሏል፤ ዛሬ እናጥብቀው ወይስ ለነገ..."

"ጠበቃውን ጠይቀው፤" አለች ሳትዞር።

ክፍሏ ገብታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ለተረኝነቷ ከመነሣቷ በፊት የምትተኛው ጥቂት ሰዓት አላት። ከሥር አልጋ ሲጎተት ይሰማል፣ የወንድሟ "እንዲህ ነው?" የሚል ድምፅ፣ የእቴቴ "አይደለም፣ ወደ ቀኝ፣ ቀኝህን አታውቅም እንዴ?"። የሆነ ነገር ተንኳኳና ወደቀ። 

"እታለም!" አለ ወንድሟ ከታች።

እታለም ለመነሣት እጇን አልጋው ላይ ተመረኮዘች። ትንሽ እንደዚያው ሆና ቆየች። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች።